ማን ነው የመረዘው?

ዶክተሯ እትዬን ኮሪደር ላይ አቆመቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደማቸው ተመርዟል» አለቻት።

እትዬ የአጎቴ ሚስት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማን ነው የመረዘው?»

ዶክተሯ ግራ ገባት። እትዬ ግን የምሯን ነበር። ባደገችበት አገር መርዝ ባለቤት አለው። ጽዋውን ያቀበለ ሰው አለ፤ በድንበር የተጣላ ሰው አለ። አጎቴ ደግሞ ከሳምንት በፊት ገጠር ሰርግ በልቶ ነው የተመለሰው። ፊቷን ሳየው በልቧ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። ማን አጠገብ ተቀመጠ? ጠላውን ማን ቀዳለት?

«እትዬ፣ ሰው አይደለም። ከብጉንጁ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ስንት ልጅ ብጉንጅ ወጥቶበት፣ ስሩ ሲወጣ ሲድን ያየች ሴት ናት። አጎቴ ማጅራት ላይ የወጣውም ከሌላው የተለየ አልነበረም። ራሱ በመስታወት እያየ በጣቱ ጨመቀው። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው፣ አንቀጠቀጠው። በአምስተኛው ቀን መዘባረቅ ጀመረ።

ያን ቀን ለእትዬ ሌላ ነገር አልጨመርኩላትም። ጊዜውም አልነበረም። ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሴፕሲስ፣ ማለትም የደም መመረዝ፣ የሚል ቃል የተጻፈበት ወረቀት ስቀበል ዓመታት አልፈዋል። ማን መረዘው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ትክክለኛው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው። መራዥ አለ፤ ስም አለው። መርዙም ስም አለው፣ ቅርጽም አለው። መርዙ ከሚመታቸው አንዱ ደግሞ እኔ በየቀኑ የምቆጥረው ነገር ነው፤ ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል።

የአጎቴን ደም ያየሁት እኔ ነኝ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ መጣ። ማሽኑ ነጭ የደም ሴሉን 19 ሺህ፣ ፕሌትሌቱን 38 ሺህ ብሎ አወጣ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕሌትሌት አለው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ እኛ መጀመሪያ የምናደርገው ቁጥሩን መጠራጠር ነው። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለ፤ ኢዲቲኤ ይባላል። በአንዳንድ ሰው ደም ላይ ይህ ኬሚካል ራሱ ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ የተጣበቀውን ክምር እንደ ፕሌትሌት አይቆጥረውም። ሰውየው ምንም ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ፕሌትሌቱ አልቆ ይታያል። ስለዚህ ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይጠጣል፣ በዓይን ይታያል።

እኛ አገር ሌላም ጥርጣሬ አለ። ትኩሳት ያለበት ሰው ፕሌትሌቱ ወርዶ ሲገኝ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወባ ነው፤ ወባ ፕሌትሌት ያወርዳልና። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ያወርዳል። ሁለቱንም ስላይዱ ላይ ፈለግኩ። የሉም። የተጣበቀ ክምርም የለም። ቁጥሩ እውነት ነበር።

ነጭ የደም ሴሎቹን ሳይ ውስጣቸው ጠቆር ያሉ ሻካራ ነጠብጣቦች ሞልተዋል። በሙያችን ቶክሲክ ግራኑሌሽን ይባላል። ቶክሲክ ማለት መርዛማ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ቃሉን በጆሮዬ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። በቀይ ሴሎቹ መሀል ደግሞ፣ በአንድ እይታ አሥር አሥራ አምስት ፕሌትሌት ሊገኝ በሚገባበት ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ።

ፕሌትሌት ኒውክሊየስ የለውም። መቅኔ ውስጥ ሜጋካሪዮሳይት የሚባል ግዙፍ ሴል አለ፤ እሱ እየቆረሰ ወደ ደም የሚለቀው ቁራሽ ነው። ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ከቀይ የደም ሴል በእጅጉ ያንሳል። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ሰውነታችን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ይሠራል። ሥራውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ደም ስር ሲቀደድ ደርሶ ይደፍናል።

እኔ ሁልጊዜ በጎረቤት ነው የምመስለው። ኡኡታ ሲሰማ የያዘውን ጥሎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ የሚደርስ ጎረቤት። ሰላም ሲሆን ፕሌትሌት እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ በደም ይፈስሳል። ኡኡታውን ሲሰማ ግን ቅርጹ ይቀየራል። እጅና እግር የመሰለ ነገር ያወጣል። ይጣበቃል። በሆዱ የያዛቸውን ከረጢቶች ይዘረግፋል፤ የዘረገፈው ነገር ሌሎቹን ይጠራል። በደቂቃዎች ውስጥ መንደሩ ሁሉ እዚያው ነው።

ይህን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1882 በግልጽ ያሳየው ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ ነው፤ ቱሪን ከተማ ላይ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ከእሱ በፊትም ያዩት ሰዎች ነበሩ። ራሱን የቻለ የደም ክፍል መሆኑንና ደም በማርጋት ያለውን ድርሻ አጥርቶ ያስረዳው ግን እሱ ነው። ከመቅኔው ግዙፍ ሴል እንደሚወጣ ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ሆመር ራይት በ1906 ደረሰበት። የአጎቴን ስላይድ የቀባሁበት ቀለም ራይት ስቴይን ይባላል፤ የዚሁ ሰው ሥራ ነው።

በዚያው በ1882፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ አበርዲን ከተማ የሚሠራ አሌክሳንደር ኦግስተን የሚባል ቀዶ ሐኪም ለአንድ ባክቴሪያ ስም አወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት የሕመምተኞቹን መግል በማይክሮስኮፕ አይቶ ነበር። ክብ ክብ ነገሮች ተሰባስበው አገኘ። የወይን ዘለላ መሰሉት። ስለዚህ ከግሪክኛ ወስዶ ስታፊሎኮከስ አላቸው። ስሙን ያወጣበት ጽሑፍ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በማይክሮኮከስ መመረዝ» የሚል ነው። መመረዝ! ይህን ሳውቅ እትዬ ትዝ አለችኝ።

ባክቴሪያ ይኖርበት እንደሆነ ለማየት የምናሳድገው የአጎቴ ደም፣ የደም ካልቸር የምንለው፣ በማግስቱ አደገ። ግራም ቀለም ስቀባው የወይን ዘለላው እዚያው አለ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ ራሱ ይገርመኛል። ባክቴሪያውን ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ውስጥ ጨምረን በሰውነት ሙቀት እናስቀምጠዋለን። ኮአጉሌዝ የሚባል ነገር ያወጣና ፕላዝማውን ያረጋዋል፤ ቱቦውን ስናዘነብለው አይፈስም። ደም ማርጋት ያውቃል ማለት ነው። የረጋውን ደም እንደ ጎሬ ይደበቅበታል። እና ከደም ጋር ያለው ነገር የዛሬ አይደለም፤ ኑሮው ነው።

አደገኛነቱን ዓለም በመጥፎ ቀን ነው የተማረው። ጥር 1928፣ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ቡንዳበርግ የምትባል ከተማ። 21 ልጆች የዲፍቴሪያ ክትባት ተወጉ። ከነሱ 12ቱ ሞቱ። ክትባቱ የመጣው ብዙ ጊዜ በሚቀዳበት ብልቃጥ ነበር፤ ጀርም የሚገድል ነገር አልተጨመረበትም። ብልቃጡ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ገብቶ ተራብቶ ተገኘ። ለማጣራቱ የላብራቶሪ ምርመራውን ከሠሩት አንዱ ማክፋርሌን በርኔት ነው፤ በኋላ የኖቤል ሽልማት የወሰደው። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የሚለቀውን መርዝ ማጥናት ጀመረ። ዛሬ አልፋ ቶክሲን የምንለውን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእትዬ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነውና።

አልፋ ቶክሲን ፕሮቲን ነው። 293 አሚኖ አሲድ የተገጣጠመበት አንድ ሰንሰለት። ባክቴሪያው ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ ለብቻው ይንሳፈፋል። ብቻውን ሳለ ቀዳዳ አይበሳም። የሴል ሽፋን ላይ አዳም 10 የሚባል ፕሮቲን ሲያገኝ ይይዘዋል። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተሠራ ነው እንጂ ከአባታችን ጋር አይገናኝም። መርዙ በዚህ በር እንደሚይዝ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2010 አሳወቁ። ፕሌትሌትም ይህ በር አለው።

አንዱ ይይዛል። ሌላው ይመጣል። ሌላው ይመጣል። ሰባት ሲሆኑ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ከዚያ እግራቸውን ሽፋኑ ውስጥ ይሰዳሉ። መሀላቸው ባዶ ነው፤ ቀዳዳ ሆነ። የዚህ ቀዳዳ ቅርጽ በ1996 በኤክስሬይ ተነስቶ ታተመ። እንጉዳይ ይመስላል፤ ላዩ ሰፋ ያለ ኮፍያ፣ ታቹ ቀጭን ግንድ። ያማረ ነገር ነው። ምን እንደሚሠራ እያወቅኩ ማማሩን ስናገር ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው።

በቀዳዳው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ፕሌትሌት ሆድ ውስጥ የካልሲየም መብዛት ደግሞ ኡኡታው ራሱ ነው። ደም ስር አልተቀደደም። ማንም አልደማም። ፕሌትሌቱ ግን ኡኡታ ሰማ። እጅና እግሩን ያወጣል፣ ከረጢቱን ይዘረግፋል፣ ሌሎቹን ይጠራል። በ1988 የጀርመን ተመራማሪዎች ይህን በሰው ፕሌትሌት ላይ አሳይተዋል፤ መርዙ ፕሌትሌቱን ይመታና ደሙ መርጋት ይጀምራል።

የሐሰት ኡኡታ ነው። መንደሩ ሁሉ ይወጣል። የሚደፈን ነገር የለም። ስለዚህ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ጠባቡን መንገድ ይዘጋል። በ2018 ካልጋሪ፣ ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በሕይወት ያለ አይጥ ጉበት ውስጥ በማይክሮስኮፕ አዩት። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ የፕሌትሌት ክምር ጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ቀጫጭኖቹ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ጉበቱ ይጎዳል። መቼም ፕሌትሌት የሚያስፈልገው ላለመድማት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ቢያይ ጥሩ ነው። 38 ሺህ የሚለውን ቁጥር እኔም «ሊደማ ይችላል» ብቻ ብዬ ነበር የማነበው። ግን የጠፉት ፕሌትሌቶች የሆነ ቦታ ሄደዋል። የት ሄዱ የሚለው ነው ዋናው።

አንዱ መልስ በ2021 መጣ፤ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ። ይህን ጥናት ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ነው የተመላለስኩት።

ፕሌትሌት ላዩ ላይ ስኳር አለው። የስኳሩ ጫፍ ሲያሊክ አሲድ ይባላል። ፕሌትሌት ሲያረጅ ይህ ጫፍ ይረግፋል። ጉበት ውስጥ አሽዌል ሞሬል የሚባል ተቀባይ አለ፤ ጫፉ የረገፈበትን ይለየዋል፣ ይይዘዋል፣ ያስወግደዋል። ጤነኛ ሥራ ነው፤ ያረጀው ይሄዳል፣ አዲሱ ይተካል። አልፋ ቶክሲን ምን ያደርጋል? ፕሌትሌቱን ሲመታው፣ ፕሌትሌቱ ራሱ ውስጡ የያዘውን ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም ያወጣል። ጫፉ ይረግፋል። ትናንት ከመቅኔ የወጣው ወጣት ሽማግሌ መስሎ ጉበት ደጅ ይቀርባል። ጉበትም የለመደውን ሥራ ይሠራል። ማንም ጠላት ጉበት ውስጥ አልገባም። የራሳችን ቤት የራሳችንን ጎረቤት አላውቅህም አለው።

ለስታፊሎኮከስ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ምክንያቱም ፕሌትሌት ደፋኝ ብቻ አይደለም፤ ተዋጊም ነው። ከረጢቶቹ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ። ከነጭ ሴሎችና ከጉበት ጠባቂ ሴሎች ጋር ተባብሮ ባክቴሪያ ይይዛል። ስለዚህ ፕሌትሌቱን ማጥፋት ዘበኛውን ማጥፋት ነው። የሳንዲያጎዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት የቆዩ መድኃኒቶችን በአይጥ ላይ ሞከሩ። አንዱ ለልብ ሕመምተኞች የሚሰጠው ቲካግሬሎር፣ ሌላው ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠው ኦሴልታሚቪር። የመጀመሪያው ፕሌትሌቱ ለመርዙ እንዳይበገር ይረዳል፤ ሁለተኛው ስኳር ቆራጩን ኢንዛይም ይይዛል። አይጦቹ በተሻለ ተረፉ። አደራ፣ ይህን አንብቦ ፋርማሲ የሚሄድ እንዳይኖር። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቲካግሬሎር ደግሞ ሰው ያደማል። በዚሁ መርዝ ላይ የተሠራ ፀረ አካል በሰው ላይም ተሞክሮ ነበር፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ሰዎችን ስታፊሎኮከስ ከሚያመጣው ሳንባ ምች ይጠብቅ እንደሆነ። ጥቅሙ በሚያሳምን መጠን አልታየም። መንገዱ ገና ነው።

መራዡ ስታፊሎኮከስ ብቻ ደግሞ አይደለም። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ኒሞላይሲን የሚባል መርዝ አለው፤ እሱም ቀዳዳ ይበሳል፣ በጣም ሰፋ ያለ። ስለ ኒሞላይሲን ለብዙ ጊዜ «ፕሌትሌትን ያነቃል» ይባል ነበር። መነቃቱ የሚለካው ፒ ሴሌክቲን በሚባል ምልክት ነው። ምልክቱ በሰላም ጊዜ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ፕሌትሌት ሲነቃ ወደ ላይ ይወጣል። ጀርመን ግራይፍስቫልድ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ነገሩን እንደገና አዩት። ፕሌትሌቶቹ አልነቁም፤ ሞተዋል። ምልክቱን የሚፈልገው ቀለም የተያያዘበት ፀረ አካል በቀዳዳው ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ያገኘው። እየሮጠ ነው ያልነው ሰው ቆሞ የሞተ ሆኖ ተገኘ። ለላብራቶሪ ሰው ይህ ልብ የሚያስደነግጥ ነው። ማሽኑ አልዋሸም። እኛ ነን የተረጎምነው። ደስ የሚለው፣ ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ አካል ሲጨመር፣ ቢያንስ በብልቃጥ ውስጥ፣ ፕሌትሌቶቹ ከመርዙ ተርፈዋል።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ኡኡታው እውነት የሆነበት። ሺጋ ቶክሲን። በ1897 ጃፓን ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወረርሽኝ ነበር። ኪዮሺ ሺጋ የሚባል ወጣት ሐኪም ባክቴሪያውን ለየው፤ ሺጌላ የተባለው በእሱ ስም ነው። ኢ ኮላይ ከሚባለው የአንጀት ባክቴሪያም ተመሳሳይ መርዝ የሚለቁ ዓይነቶች አሉ። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ መርዙ ግን ወደ ደም ይሻገራል። ኩላሊት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ደም ስሮች ግድግዳ ይመታል። ግድግዳው በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይቆስላል። ፕሌትሌቶቹ ይሮጣሉ፤ በየቁስሉ ይጣበቃሉ፤ ያልቃሉ። በዚያ በጠበበ መንገድ የሚያልፉ ቀይ ሴሎች ይቆራረጣሉ። ስላይድ ላይ የራስ ቁር የመሰሉ ስብርባሪዎች ሆነው ይታያሉ። ፕሌትሌት ወረደ፣ ቀይ ሴል ተሰበረ፣ ኩላሊት ደከመ። ይህ ሦስትነት ሄሞሊቲክ ዩሪሚክ ሲንድሮም ይባላል። ልጆች ላይ ይበዛል።

በ2011 ጀርመን ላይ የሆነው ግን አብዛኛው አዋቂዎች ላይ ነበር፤ በተለይ ሴቶች ላይ። 3,816 ሰው ታመመ። 845ቱ ኩላሊት ድረስ የሚሄደው ሕመም ያዛቸው። 54 ሰው ሞተ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የስፔን ኪያር ነበር። ሲጣራ ምንጩ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ካለ እርሻ የወጣ፣ በጥሬው የሚበላ በቆልት ሆነ። የምኑ በቆልት? የአብሽ። ዘሩ ከግብፅ የመጣ ነበር። አብሽ የሚለውን ቃል ሳነብ የእናቴ ጓዳ ነው የታየኝ። እኛ አብሽን ቆልተን ፈጭተን፣ ዘፍዝፈን መትተን፣ ወጥ ውስጥ አብስለን ነው የምናውቀው፤ ስለዚህ ማንም እንዳይደነግጥ። አደጋው ያለው ዘሩ ተዘፍዝፎ በሙቀት ሲበቅል ነው፤ ለበቆልቱ የሚመቸው ለባክቴሪያውም ይመቸዋል፤ ከዚያ ሳይበስል ይበላል።

የማጅራት ገትርን ሳልነካ ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። አገራችን ከሴኔጋል በሚጀምረው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ሕመሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ሜኒንጎኮከስ፣ ደም ውስጥ ሲገባ መርዙ ግድግዳው ላይ ያለው ኢንዶቶክሲን ነው። ደም በየጥቃቅኑ ደም ስር ይረጋል፤ ፕሌትሌቱ ያልቃል፤ ቆዳ ላይ ደም የቋጠረ ነጠብጣብ ይወጣል። ብርጭቆ ሲጫኑበት አይጠፋም። በመጻሕፍት ያለው ሥዕል ብዙውን ጊዜ የነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። መዳፍ፣ የእግር ውስጥ፣ የዓይን ሽፋን ውስጥ፣ አፍ ውስጥ ይታይ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ያየ ሰው ነገ ድረስ አይጠብቅ።

ወደ አጎቴ ልመለስ።

እትዬ ፕሌትሌት ወረደ ሲባል ስትሰማ እጇን ዘረጋች። «የኔን ውሰዱ» አለች። ልጆቹም ተሰለፉ። ዶክተሯ ለማይደማ ሰው በ38 ሺህ ላይ እንደማይሰጥ አስረዳቻቸው። የሚያስፈልገው ምንጩን ማድረቅ ነው አለች። ማጅራቱ ላይ የነበረው መግል በቀዶ ሕክምና ፈሰሰ። አንቲባዮቲክ በደም ስር ተጀመረለት፤ ካልቸሩ ሲታወቅ ወደ ክሎክሳሲሊን ተቀየረ። በሁለተኛው ቀን ፕሌትሌቱ 31 ሺህ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሰው ሴፕሲስ ይዞት ፕሌትሌቱ ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሆን ብዙ ወረቀት ላይ አይቻለሁ። ሐኪሞች የሴፕሲስን ክብደት ሲለኩ ከሚያዩአቸው ስድስት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከልብና ደም ዝውውር፣ ከአንጎልና ከኩላሊት እኩል።

በአራተኛው ቀን 44። በስድስተኛው ቀን 97። በዚያ ቀን ስላይዱን ሳየው ከወትሮው ተለቅ ያሉ ፕሌትሌቶች አየሁ። ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ አዲሶቹ ናቸው። መቅኔው እየላከ ነው። ስልኬን አውጥቼ በማይክሮስኮፑ መነጽር በኩል ፎቶ አነሳኋቸው። ሐምራዊ ነጠብጣብ ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢያይ ምንም አይሉትም። እኔ ግን ለእትዬ አሳየኋት። «እነዚህ ናቸው?» አለች። «እነዚህ ናቸው» አልኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ቁጥሩ 470 ሺህ ደረሰ። ሰውነት ሲያገግም አንዳንዴ ከልኩ አልፎ ይሠራል። አጎቴ ክብደቱ ቀንሶ፣ ማጅራቱ ላይ ፋሻ ታስሮ ወደ ቤቱ ገባ።

ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እትዬ ቡና አፈላች። ሁለተኛውን ስትቀዳ ጥያቄዋን እንደገና አነሳችልኝ፤ አልረሳችውም። «አንተ ሰው አይደለም ብለኸኛል። እሺ፣ ማን ነው?»

በዚህ ጊዜ በደንብ ነገርኳት። ስሙን ነገርኳት። ሰባት ሆነው ክብ ሠርተው እንደሚቆሙ ነገርኳት። የሐሰት ኡኡታውን ነገርኳት። ወጣቱን ሽማግሌ አስመስሎ ለጉበት እንደሚሰጠው ነገርኳት። አጎቴ ትራሱን ደገፍ ብሎ ይሰማ ነበር። እትዬ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች።

«አሁንስ የት ነው ያለው?»

እዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ተያዝኩ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ይኖራል። ምንም ሳያደርግ። ቆዳ ላይ፣ ብብት ላይ፣ ጣት ላይ። ከአፍንጫ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ብጉንጅ ነው መንገዱ። ከአጎቴ አፍንጫ ይሁን ከልጆቹ፣ ወይ ከእኔ፣ አይታወቅም።

«እዚሁ ቤት ሊሆን ይችላል፣ እትዬ» አልኳት።

ጀበናዋን አስቀመጠች። አጎቴን አየችው፤ ልጆቹን አየቻቸው። ከዚያ ተነስታ ወደ መታጠቢያው በር ሄደች። ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱን የሚያብስበትን ፎጣ አወረደች። ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች። ወዲያው የቧንቧው ውሃ ሳፋው ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።